በውርስ የተገኘ የብር ጌጥ አመጣጥና የቤተሰብ ታሪክ አጠናን
ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

በደሴ ከሆጤ ሠፈር ጀምሮ እስከ ኮምቦልቻና በዙሪያው እስካሉት የገጠር ቀበሌዎች ድረስ፣ በብዙ ቤቶች ሣጥን ውስጥ ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ የብር ጌጥ ተቀምጦ ይገኛል። ጌጡ ድሪ፣ አንባር፣ አልቦ፣ የአንገት መስቀል፣ ጠልሰም ወይም የክታብ ማኅደር ሊሆን ይችላል። ጌጡን የያዘ ሰው በቅድሚያ ማወቅ የሚፈልገው ዕድሜውንና ዋጋውን ነው። የማን እንደነበረና እንዴት ወደ ቤቱ እንደገባ የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜም መልሱን የምታውቀው ሰው በሕይወት ላትኖር ትችላለች።

ይህ ጽሑፍ አንድ ወራሽ የጌጡን አመጣጥ በቅደም ተከተል ለማጥናት ምን ማድረግ እንዳለበት፣ የትኞቹን መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ እንደሚችልና ሕጉ ምን እንደሚፈቅድለት ያስረዳል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በአገራችን ሰነድ የሚከተለው የወንዶችን ስም ነው፤ የብር ጌጥ ግን በአብዛኛው ከሴት ወደ ሴት ይተላለፋል። ስለዚህ ጥናቱ ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከቤተሰቡ አረጋውያን ሴቶች መጀመር ይኖርበታል።

ከማጽዳትና ከመጠገን በፊት

ብር ከጊዜ ብዛት ይጠቁራል። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለ የሰልፈር ውህድ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን እንጂ የጥራት ጉድለት አይደለም። ጌጡን በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና መፈተግ ሽፋኑን ብቻ አያስለቅቅም፤ ደብዛዛ ሆኖ የቀረ ጽሑፍን፣ የአንጥረኛ መሣሪያ አሻራንና የወርቅ ቅብን ጭምር ያጠፋል። የተሰበረ ማያያዣን በአዲስ ብየዳ ማስጠገንም ከጥናቱ በኋላ የሚደረስበት ጉዳይ ነው። የላላ ክር ያለው ድሪ ሳይፈታ፣ የጨሌዎቹና የመርገፎቹ ቅደም ተከተል ሳይዛነፍ በፊትም በኋላም ፎቶግራፍ ሊነሣ፣ ርዝመቱ ሊለካና በአንጥረኛ ሚዛን ሊመዘን ይገባል።

የክታብ ማኅደር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በውስጡ ወረቀት ወይም ብራና ሊኖር ስለሚችል ውኃ ውስጥ ማስገባት ወይም በጉልበት መክፈት ፈጽሞ አይመከርም። በግዕዝ የተጻፈ የክርስቲያኖች ክታብ ባለቤቱን ወይም ባለቤቷን በክርስትና ስም ይጠቅሳል። አንዲት ቅድመ አያት ስሟ በጽሑፍ የሚገኝበት ብቸኛው ቦታ ይህ ብራና ሊሆን ይችላል። ክታቡ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው የሚጻፍበት ጊዜም ስለነበረ፣ የተፋቀው ቦታ ራሱ ማስረጃ ነው። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈውን የሙስሊሞች ክታብ በተመለከተም ጽሑፉን የሚያነብ የሃይማኖት አዋቂ መጠየቅ ያሻል። በሁለቱም ዓይነት፣ ማኅደሩ የሚከፈተው በሙዚየም ወይም በቤተ መዛግብት የጥገና ባለሙያ እጅ ቢሆን ይመረጣል።

የሴቶችን ሐረግ መከተል

አንድ አንባር ከቅድመ አያት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ቢተላለፍ በአራት ሴቶች እጅ አልፏል። እነዚህ አራት ሴቶች ግን እያንዳንዳቸው የሚጠሩት በየአባቶቻቸው ስም ነው፤ አንድም የሚጋሩት ስም የላቸውም። በአባት ስም ብቻ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ሁለተኛዋ ሴት ላይ ሲደርስ ይቆማል። በመሆኑም በጥናቱ መጀመሪያ የሚዘጋጀው የትውልድ ሐረግ የእናትን ወገን የሚከተል፣ ለእያንዳንዷ ሴትም የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀበሌና ያገባችበትን ቤት የሚያሳይ መሆን አለበት።

ቀድሞ ርስት በሚያዝባቸው አካባቢዎች ሰው የመሬት ድርሻውን በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ይጠይቅ ስለነበር፣ ሽማግሌዎች ሴት አያቶችን ጭምር በስም ያውቁ ነበር። በክርስቲያኖች ዘንድ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠር መሆኑም ለዚሁ ዕውቀት ሌላ ምክንያት ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ካስቀረ በኋላ ይህን ቆጠራ ማወቅ ጥቅም የሚያስገኝ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ በፊት ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሰዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቃላቸውን ለመቀበል ያለው ጊዜም አጭር ነው።

ሲጠየቁ «ጌጡ መቼ ተሠራ?» ብሎ መጀመር እምብዛም አይጠቅም። በማን ሠርግ ላይ እንደተጠለቀ፣ ማን ለማን እንደሰጠው፣ ጥሎሽ ይሁን የእናት ስጦታ፣ በሐዘን ጊዜ ወልቆ ከማን ዘንድ እንደተቀመጠ መጠየቅ ይሻላል። የወሎ አረጋውያን ዘመንን በታላላቅ ክስተቶች ይለካሉ፤ ከሰገሌ በፊት ወይም በኋላ፣ ጣሊያን ሲገባ ወይም ሲወጣ፣ በስድሳ ስድስቱ ወይም በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን የሚሉ መልሶች ወደ ዓመተ ምሕረት ለመመለስ ቀላል ናቸው። የሰገሌ ጦርነት የተካሄደው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ነው፤ የኢጣሊያ ጦር ደሴን የያዘው በ1928 ዓ.ም ሲሆን የወጣው በ1933 ዓ.ም ነው። ጌጡን ያልወረሰች እኅት ወይም አክስት ከወረሰችው ይልቅ አብልጣ ልታስታውስ ትችላለችና እርሷንም ለብቻዋ ማነጋገር ተገቢ ነው። ፈቃዳቸው ተጠይቆ ድምፃቸው በስልክ ቢቀዳ፣ የተናገሩበት ቀንና ቦታ አብሮ ቢመዘገብ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ሁሉ ያገለግላል።

በወሎ አንድ ሰው ሁለት ስም ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ብዙ ሰዎች ሃይማኖት ቀይረው አዲስ ስም ተቀብለዋል። በ1906 ዓ.ም የወሎና የትግራይ ንጉሥ የሆኑት ንጉሥ ሚካኤል እንኳ ከዚያ በፊት የሚታወቁት ኢማም መሐመድ ዓሊ ተብለው ነበር። በአንድ ቤተሰብ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች የሚገኙበት፣ አንዲት ሴት በጋብቻ ምክንያት ስሟ የሚለወጥበት አካባቢ ስለሆነ፣ ሐረጉ ላይ ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ሊሰፍሩ ይገባል። መስቀል መገኘቱ ብቻ ቅድመ አያቲቱ ክርስቲያን ሆና መወለዷን አያረጋግጥም፤ ጠልሰም መገኘቱም ሙስሊም መሆኗን አያስረዳም።

አንዳንድ መልስ ለመስማት የሚከብድ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም በወሎ በደረሰው ረኃብ ሰዎች ከብታቸውንና የቤት ዕቃቸውን፣ ጌጣቸውንም ጭምር ለእህል መግዣ ሸጠዋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የአያት ነው ሲባል የኖረው ድሪ አያቲቱ በዚያ ዘመን ከገበያ የገዙት ሊሆን ይችላል። ይህ ጌጡን የቤተሰቡ ከመሆን አያስቀረውም። ነገር ግን ከግዢው በፊት ያለው ታሪክ የሌላ ቤተሰብ ነው፤ ሐረጉም እዚያ ላይ በግልጽ መቆም አለበት። በሐሰት የተቀጠለ ሐረግ ከጎደለ ሐረግ ይልቅ ጥናትን ይጎዳል።

ብሩ ራሱ የሚሰጠው ማስረጃ

በአማርኛ የገንዘቡም የማዕድኑም ስም «ብር» የሆነው ያለምክንያት አይደለም። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩት አብዛኞቹ የአገር ውስጥ የብር ጌጦች የተገኙት ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር እየተባለ የሚጠራውን የኦስትሪያ ገንዘብ በማቅለጥ ነው። ደንበኛው ብሩን ቆጥሮ ያስረክባል፤ አንጥረኛውም አቅልጦና ቀጥቅጦ ጌጥ ያደርገዋል።

በማርትሬዛ ላይ የሚታየው 1780 የሚለው ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1780 እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ካረፉ በኋላ ገንዘቡ ዓመቱ ሳይቀየር መታተሙ ቀጥሏል። በቪየና ብቻ ሳይሆን በ1930ዎቹና ከዚያ በኋላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ተመትቷል። ከምስሉ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ የላቲን ፊደላትም የመጀመሪያዎቹን የማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም የሚያመለክቱ ሲሆን በኋለኞቹም ላይ አሉ። ስለዚህ በድሪ ላይ የተንጠለጠለ ማርትሬዛ ጌጡ ከ240 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው አያስረዳም። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የዋጋ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ካለ ወራሹ ሊጠራጠር ይገባል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በፓሪስ ታትሞ የመጣው ይህ ገንዘብ ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር ይዟል። 1887 ዓ.ም የተጻፈበት ብር በድሪው ላይ ከተገኘ፣ ቢያንስ ያ ክፍል ከዚያ ዓመት በፊት ሊሰካ አይችልም። እንዲህ ያለው ማስረጃ የሚያሳየው ጌጡ ከየትኛው ዓመት ወዲህ እንደሆነ እንጂ የተሠራበትን ዓመት አይደለም። ደግሞም ድሪ በየትውልዱ እየተፈታ የሚሰካ ዕቃ ነው፤ አያቲቱ አንድ መስቀል፣ እናቲቱ አንድ ጨሌ ጨምረውበት ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ዕድሜ አለው።

ክብደት ጠቃሚ መፈተኛ ነው። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ የሚመዝን ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ጥንድ አልቦ 280 ግራም ገደማ ቢመዝን ዐሥር ብር የቀለጠበት መሆኑን ይጠቁማል፤ በቤተሰቡ ዘንድ «በዐሥር ብር ተሠራ» የሚል ቃል ካለም ሁለቱ ማስረጃዎች ይደጋገፋሉ። በማቅለጥ ጊዜ የሚባክን ስለሚኖር ስሌቱ ልክ ላይገጥም ይችላል። ከማርትሬዛ በቀጥታ ተቆርጠው የተሠሩ የአንገት መስቀሎችም አሉ፤ በጀርባቸው የምስሉ ወይም የጽሑፉ ቅሪት አንዳንድ ጊዜ በአጉሊ መነጽር ይታያል።

ብር የሚመስል ሁሉ ብር አይደለም። ጀርመን ሲልቨር የሚባለው ቅይጥ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል እንጂ ብር የለበትም። ለማረጋገጥ ጌጡን በሞረድ መፋቅ ወይም አሲድ ማንጠብጠብ አያስፈልግም፤ ጉዳት ሳያደርስ የማዕድኑን ይዘት የሚያነብ የኤክስሬይ መሣሪያ አለ። በጌጡ ወይም በማንኪያና በሣህን ላይ 800 የሚል ማኅተም ከታየ ከሺህ 800 እጁ ብር መሆኑን የሚገልጽ ሲሆን በኢጣሊያ ሥራዎች ላይ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1934 ሕግ በኋላ እስከ 1944 የተመታው የኢጣሊያ ማኅተም የፋሽስት ምልክት የሆነውን የእንጨት እሥርና መጥረቢያ ይዞ ይገኛል። በኢጣሊያ ዘመን ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ የገቡ ዕቃዎችን ከአገር ውስጥ ሥራ ለመለየት ይህ ምልክት ይረዳል።

የሠሪውን ማንነት ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል። የእጅ ባለሙያዎች በኅብረተሰቡ ዘንድ ይናቁ ስለነበር ስማቸውን የመዘገበ እምብዛም የለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። የአሠራር ዘይቤም ብቻውን አያስተማምንም። ከባሕር ማዶ የየመን አንጥረኞችም ያንኑ ማርትሬዛ ያቀልጡ ነበር፤ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያም የየአካባቢውን ጌጥ ሲያቀላቅል ኖሯል። ከባቲ የተገዛ ጌጥ የግድ ባቲ የተሠራ አይደለም።

ሰነድ የሚገኝባቸው ቦታዎች

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ስለሆነ የአያቶችን ልደትና ጋብቻ ከዚያ መፈለግ አያዋጣም። የተሻለው የጋብቻ ወረቀት ነው። በሙስሊም ቤተሰብ የኒካህ ውል ለሙሽራይቱ የሚሰጠውን መህር ስለሚገልጽ፣ መህሩ ጌጥ ከሆነ በጽሑፍ ሊገኝ ይችላል። በክርስቲያን ቤተሰብም የጋብቻ ውልና የጥሎሽ ዝርዝር ከአሮጌ ደብዳቤዎች ጋር በሣጥን ተቀምጦ ይገኝ ይሆናል።

ኑዛዜም መታየት አለበት። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ስለዚህ ኑዛዜው ጌጡን ባይጠቅስም የምስክሮቹ ስም ራሱ ቤተሰቡን ያውቁ የነበሩ አራት ሰዎችን ይጠቁማል። የውርስ ክርክር ተደርጎ ከነበረ የፍርድ ቤቱ፣ ጉዳዩ በሸሪዓ የታየ ከሆነም የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ሊጠየቅ ይችላል። አመልካቹ ወራሽነቱን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የተከራካሪዎቹን ስምና ቢያንስ በግምት ዓመቱን ይዞ ቢቀርብ ፍለጋው ያጥራል።

ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሙሽራይቱ ጌጡን አጥልቃ የተነሣችበት ሥዕል፣ በጀርባው ቀን ወይም የፎቶ ቤት ማኅተም ካለው፣ ከማንኛውም የባለሙያ ግምት ይልቅ የጸና ማስረጃ ነው። ተመሳሳይ ጌጦችን ለማነጻጸር በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና በአምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ይጠቅማሉ። ለአሮጌ ሰነዶች ደግሞ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መጠየቅ ይቻላል። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ወቅት ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። በዚያው ጊዜ ከመኖሪያ ቤቶች ጌጥ የጠፋባቸው ሰዎች፣ ፎቶግራፍና መለኪያ ካላቸው፣ መረጃውን ለፖሊስና ለባህልና ቱሪዝም መምሪያ ማስመዝገብ ይችላሉ። መግለጫ ብቻ ይዞ የጠፋን አንባር መለየት እጅግ አዳጋች ነው።

ምዝገባ፣ ሽያጭና ወደ ውጭ አገር መውሰድ

ብዙ ወራሾች ጌጣቸውን ከማስመዝገብ የሚቆጠቡት መንግሥት ይወስድብናል ብለው ስለሚሰጉ ነው። ሕጉ የሚለው እንዲህ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥት ወይም በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይደነግጋል። ምዝገባ ባለቤትነትን አያስተላልፍም፤ ይልቁንም ጌጡ ቢሰረቅ ባለቤቱ የሚያቀርበውን ማስረጃ ያጠናክራል። በአንጻሩ ባለይዞታው ቅርሱን በራሱ ወጪ የመንከባከብ ግዴታ አለበት። የደሴ ነዋሪ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ በዙሪያው ወረዳዎች የሚኖር ደግሞ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ወይም ለደቡብ ወሎ ዞን መምሪያ ማመልከት ይችላል።

ማንኛውም የብር ጌጥ ቅርስ ነው ማለት ግን አይደለም። አዋጁ የሚመለከተው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለውን ነው፤ ይህን የሚወስነውም ባለሙያው እንጂ ገዢው ወይም ደላላው አይደለም። ቅርስ መሆኑ የታወቀን ዕቃ በውርስ፣ በስጦታ ወይም በሽያጭ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ባለቤቱ ግን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፤ ለሽያጭ ሲቀርብም መንግሥት የመግዛት ቅድሚያ አለው። ቅርስን ለንግድ መግዛትና መሸጥ የተከለከለ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ልጆች ጌጥ ለመላክ የሚያስቡ ቤተሰቦች ጉዳዩን ከጉዞው ቀን በፊት መጨረስ ይኖርባቸዋል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የተያዘው ጌጥ ቅርስ አይደለም የሚል እምነት ያለው ተጓዥም ይህንኑ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስመርምሮ ማረጋገጫ መያዙ በአውሮፕላን ማረፊያ ከሚደርስ መንገላታት ያድነዋል። የጌጡ ታሪክ፣ የሐረጉ ሰንጠረዥና ፎቶግራፎቹ አብረው ቢቀርቡ ምርመራው ይቀላል።

አንድ ድሪ ለአራት ወራሾች ሲደርስ በየክብደቱ ተቆርጦ የሚከፋፈልበት አጋጣሚ አለ። ወራሾቹ ከተስማሙ ድሪው ሳይፈታ በአንዷ እጅ እንዲቆይና ሌሎቹ በገንዘብ ወይም በሌላ ንብረት እንዲካሱ ማድረግ ይችላሉ። መፈታቱ የማይቀር ከሆነም ከመፈታቱ በፊት በሙሉው ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ የእያንዳንዱ መርገፍና ጨሌ ተራ በወረቀት ሰፍሮ፣ የየትኛው ክፍል ለማን እንደደረሰ ተጽፎና በአራቱም ተፈርሞ ቅጂው ለየአንዳንዳቸው ይሰጥ።